እሷን ጠይቋት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምናገረው። ቁጣው ግን ከራሴ ይጀምራል።

በቅርቡ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። አብራኝ ያለችው የ34 ዓመት ሴት ናት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባት። እንደ እሷ ያሉ ሰዎችን የሚደግፍ አንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅት አባል ናት። እኔ እዚያ በትርፍ ጊዜዬ ወርሃዊውን የዜና ወረቀት አዘጋጃለሁ። የዚያን ቀን ጉዳይ የእሷ ነበር። ቤት ቀይራለች፤ አዲሱን አድራሻዋን ማስመዝገብ አለባት። ፎርሙን የሞላችው ራሷ ናት። ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። ፊደሎቹ ከመስመሩ ወጣ ገባ ይላሉ፤ ግን ጥርት ብለው ይነበባሉ። መታወቂያዋን በአንድ እጇ፣ ፎርሙን በሌላው ይዛለች። የምትለውንም መንገድ ላይ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። «ጤና ይስጥልኝ። አድራሻ ልቀይር ነው የመጣሁት።» አራት አምስት ጊዜ ደጋገመችው።

ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ አያት። ወዲያው ዓይኑን ወደ እኔ አዞረና፣ «ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ።

እኔም መለስኩለት። «አድራሻ ልትቀይር ነው» አልኩት። ፎርሙን ከእጇ ወስጄ በመስኮቱ አሳለፍኩ። «ልጅቷ እዚህ ጋ ትፈርም» አለኝ፤ ፈረመች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማህተሙ ተመታ፣ ወጣን። ደጅ ስንደርስ ቆም አለችና፣ «ጋሼ፣ እኔ ነበርኩ እኮ የምናገረው» አለችኝ።

አልጮኸችም። አላኮረፈችም። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። የለመደችው ነገር መሆኑ ነው አንጀቴን የበላው።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር የትም ብሄድ ይታየኛል። ሐኪሙ ሆዱን ይዞ የተቀመጠውን ሰውዬ ትቶ እህቱን «የት ጋ ነው የሚያመው?» ይላታል። ጫማ ሻጩ እግሩን ዘርግቶ የሚለካውን ጎልማሳ ትቶ እናቱን «ጠበበው እንዴ?» ይላታል። ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣና፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሰው አልፎ «እንዴት ሆነ እሱ? ይተኛል? አያስቸግርም?» ይላል። ሰውየው እኮ እዚያው ነው። ይሰማል። «አያስቸግርም?» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስትባልበት ነው ያደገው።

ክፉ ሰዎች ናችሁ አልልም። አብዛኞቻችሁ ስታዩአቸው ከንፈራችሁን ትመጥጣላችሁ። እጃችሁም ለመስጠት አይሰስትም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ ስለ እሱ ሌላውን ስትጠይቁ፣ «አንተ የለህም» እያላችሁት ነው። ይሄን በቀን አሥር ጊዜ፣ በዓመት ስንት ጊዜ የሚባል ሰው በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ «አየህ፣ አይናገርም እኮ» እንላለን። አፉን ያስያዝነው እኛ ነን።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፤ ግማሹን የምናጠፋው ባለማወቅ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ «እግዚአብሔር ይማራት» የምትሉ አላችሁ። አልታመመችም እኮ! የአእምሮ ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል፤ ይታከማል፤ ብዙዎችም ይሻላቸዋል። ውስንነቱ ግን በልጅነት፣ አእምሮ በሚያድግበት ጊዜ የሚጀምር ነው። አዲስ ነገር ለመማር፣ ለማገናዘብ፣ ሰዓትና ገንዘብ ለመቁጠር፣ የዕለት ኑሮን ለመምራት ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜና ድጋፍ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ አለበት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ውስንነታቸው ቀላል የሚባለው ነው። ተምረው፣ ሠርተው፣ መጠነኛ ድጋፍ እያገኙ የራሳቸውን ኑሮ ሊኖሩ ይችላሉ።

መንስኤው ብዙ ነው። አንዱ ዳውን ሲንድረም ነው። ሌላው ሰው በየሴሉ 46 ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚ ክሮች፣ ሲኖረው እነሱ አብዛኛውን ጊዜ 47 አላቸው፤ ትርፉ የ21ኛው ክሮሞሶም ሦስተኛ ቅጂ ነው። በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት፣ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ አየር ማጠር፣ ማጅራት ገትር፣ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች የምትጠጣው አልኮልም አሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ መንስኤው ጨርሶ አይታወቅም። እርግማን አይደለም። የእናት ኃጢአት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሄን እያወቃችሁ፣ እነሱ መጥተው ሲቀመጡ ልጃችሁን ከአጠገባቸው የምታነሱ ካላችሁ እፈሩ። ልጃችሁ የሚማረው ከእናንተ እጅ ነው። ሲጎተት የተማረውን አይረሳውም።

አሁን ወደ አፋችን ልምጣ። ቋንቋችን ለአክብሮት ሀብታም ነው። «እርስዎ» አለን፣ «አንቱ» አለን፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» አለን። የማናውቀውን ሰው ስናናግር ቃል መርጠን ነው። ወደ እነዚህ ወገኖቻችን ስንመጣ ግን ያ ሁሉ ይጠፋብናል። ጢሙ የሸበተ ሰው «ማሙሽ» ይባላል። አርባ የሞላት ሴት «ሚሚዬ» ትባላለች፤ ጉንጯን የሚቆነጥጣትም አይጠፋም። የመስኮቱ ሰው እኔን «እርስዎ» እያለ እሷን «ልጅቷ» ነው ያላት። በዕድሜ ብትበልጠው እንጂ አታንሰውም። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ፍቅር ነው ትሉኛላችሁ። ሊሆን ይችላል። ግን አዋቂን ሰው እንደ ሕፃን ማናገር የፍቅር ምልክት ነው ያለን ማን ነው? በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ነገ ሥራ ቦታችሁ ላይ አለቃችሁ ራሳችሁን እየዳበሰ «ጎበዝ የኔ ማር» ቢላችሁ ምን ይሰማችኋል?

ስድቡንማ ሁላችን እናውቀዋለን። «ጅል»፣ «ነፈዝ»፣ «ዘገምተኛ»። ጓደኛችን ቁልፉን ቢረሳ «ዘገምተኛ ነህ እንዴ?» እንለዋለን፤ እንስቃለን። አጠገባችን ያ ቃል እንደ ስም የተለጠፈበት ሰው ቢቀመጥስ? ወንድሙ ቢቀመጥስ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 «የሮዛ ሕግ» የተባለ ሕግ ወጥቶ የዚያው ዓይነት የድሮ መጠሪያ ከፌዴራል ሕጎች ውስጥ ተነሥቷል። ሕጉ የተሰየመው ዳውን ሲንድረም ባለባት አንዲት ልጅ ስም ነው። አንድ ቤተሰብ «ልጃችንን እንደዚህ አትጥሯት» ብሎ ስለተነሣ የአገር ሕግ ቃሉን ቀየረ። እኛ የራሳችንን አፍ ለመቀየር ሕግ መጠበቅ የለብንም።

እኔን ከስድቡም በላይ የሚያስፈራኝ ግን «ምስኪን» የምትለዋ ቃል ናት። ስድብ የሰማ ሰው ይቆጣል፤ መልስ ይሰጣል። «ምስኪን» ለተባለ ሰው ግን መልስ የለውም። ለስላሳ ናት፤ የምትናገራትም ደግ ሰው የሆንክ ይመስልሃል። ነገር ግን ምስኪን ያልነውን ሰው ሥራ አንቀጥረውም። ምስኪን ያልነውን ሰው ሐሳቡን አንጠይቀውም። ቢያጠፋ አንወቅሰውም፣ ቢያለማም አናምነውም። ሳንቲም ሰጥተነው እናልፋለን።

አለመጠየቅ ምን ድረስ እንደሚያደርስ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሮዝሜሪ ኬኔዲ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ እህት ነበረች። በትምህርት ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ግን ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ጭፈራ ትወዳለች። በ1941፣ በ23 ዓመቷ፣ ሎቦቶሚ የሚባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት አባቷ ወሰነ። ይሻላታል ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ መራመድም፣ በቅጡ መናገርም ተሳናት። ቀሪ ዘመኗን ከቤት ርቃ በተቋም ኖረች። በ2005፣ በ86 ዓመቷ አረፈች። ያ ቤት ገንዘብ አልጎደለውም። ዝና አልጎደለውም። ሐኪምም አልጎደለውም። የእሷ ፈቃድ ግን በዚያ ውሳኔ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እህቷ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር በ1962 ውስንነቱ ላለባቸው ልጆች በግቢዋ የበጋ ካምፕ ከፈተች። በዚያ ዘመን እነዚህ ልጆች ስፖርት አይሆንላቸውም የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ። እሷ መዋኛውን ከፈተችላቸው። ዋኙ። ጁላይ 20 ቀን 1968 በቺካጎ ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች የሚወዳደሩበት የመጀመሪያው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ሲካሄድ ከአሜሪካና ከካናዳ 1,000 ያህል ስፖርተኞች ሜዳው ላይ ተገኙ። ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ «መሮጥ ትፈልጋለህ?» ያልተባሉ ስንቶቹ ነበሩ ይሆን?

ሌላም አለ። በኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ዊሎብሩክ የሚባል ተቋም ነበር። ስሙ ትምህርት ቤት ነው። ለ4,000 ሰው ተሠርቶ በ1960ዎቹ ከ6,000 በላይ ታጭቆበት ነበር። በ1972 ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ ካሜራ ይዞ ገባ። ራቁታቸውን በቆሸሸ ወለል ላይ የተኮራመቱ ልጆችን ሕዝቡ በቴሌቪዥን አየ፤ ደነገጠ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለስበት ሌላ ነገር አለ። ጋዜጠኛው እዚያ ይኖር የነበረውን በርናርድ ካራቤሎን ጠየቀው። በርናርድ 18 ዓመት እዚያ ኖሯል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት ተብሎ ነው በሕፃንነቱ የገባው። የነበረበት ግን ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ የተጎዳው እንቅስቃሴውና አንደበቱ ነበር። ቃላቱ እየከበዱት፣ እየተጎተቱ ወጡ። ግን የኖረበትን ተናገረ። ከወጣ በኋላ ለሌሎች የሚሟገት ሰው ሆነ። ተቋሙም በ1987 ተዘጋ።

ይሄን ታሪክ የሚሰማ ሰው «አይ፣ እሱማ ጤነኛ ነበር፣ ተሳስተው ነው» ይላል። ቆይ፣ እንዲህ አትበሉ። ውስንነቱ በእርግጥ የነበረባቸው እነዚያ ሌሎቹስ? እነሱም አንደበት ነበራቸው። ቃል የሌላቸውም ዓይን ነበራቸው፣ እጅ ነበራቸው። የሚወዱትንና የሚፈሩትን ማሳየት ይችሉ ነበር። መጠየቅ የሚገባው ለጎበዝ ብቻ አይደለም።

አንድ ቁጥር ደግሞ ልብ በሉልኝ። በአሜሪካ በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ክሮሞሶሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰዉ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ነው የሚወለዱት። ድሮ ብዙዎቹ «ምን ያደርግለታል» ተብለው ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግላቸው ይቀሩ ነበር፤ ወይ ተቋም ውስጥ ይጣሉ ነበር። ሐኪም ሲያክማቸው፣ ቤተሰብ ቤቱ ሲያሳድጋቸው ኖሩ። «ምን ያደርግለታል» የምትለዋን ቃል እኛም በየቤታችን እንላታለን። ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል? አዲስ ልብስ ምን ያደርግላታል? ሰርግ ላይ መምጣት ምን ያደርግለታል? እባካችሁ ይቺን ቃል ተዉአት።

ማርች 21 የዓለም የዳውን ሲንድረም ቀን ነው። ሦስተኛው ወር፣ 21ኛው ቀን፤ የ21ኛው ክሮሞሶም ሦስት ቅጂ መታሰቢያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2012 ጀምሮ ያከብረዋል። በዚያ ቀን ሰዉ የማይመሳሰል ካልሲ አድርጎ ፎቶ ይነሣል። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን በማግስቱ ያንኑ ካልሲ ያደረገ እግር እነሱን አይቶ መንገድ ሲሻገር ሳይ ያመኛል።

ሕጉም ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1974 በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው «ከሁሉ በፊት ሰው ነን» አሉ፤ የንቅናቄያቸውንም ስም ከዚያው አወጡት። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጸደቀ፤ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 12 እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት ከማንም እኩል ናቸው ይላል። ለመወሰን ቢቸገሩ የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ ስጧቸው ነው የሚለው። ውሳኔውን ንጠቋቸው አይልም። ድጋፍና ንጥቂያ ከሩቅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እኔ መስኮቱ ፊት ያደረግሁት ከሩቅ ሲታይ ድጋፍ ነበር።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ዝም የተባለ ሰው ለክፉ ሰው ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ በ2012 በወጣ ጥናት፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ጥቃት የሚደርስባቸው ከሌሎች ልጆች ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ደግሞ ለወሲባዊ ጥቃት ከእኩዮቻቸው 4.6 እጥፍ የተጋለጡ ናቸው። ለምን ይመስላችኋል? ከልጅነታቸው ጀምሮ የምናስተምራቸው «እሺ» ማለትን ነው። የሚነካቸውን ሰው «አይ» ማለት አላስተማርናቸውም። «አይ» ሲሉ «አስቸገረ» እንላለን። የሆነ ነገር ደርሶባቸው ሊነግሩን ሲመጡም «ምን ያውቃል፣ ዝም ብሎ ነው» እንላለን። እናንት አባቶችና እናቶች፣ እናንት መምህራን፣ እናንት ፖሊሶች፣ ሲናገሩ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ቃላቸው ቢደጋገም፣ ቀኑን ቢያሳስቱ፣ ዋሽተው ነው ብላችሁ አትነሡ። ሰዓት የማይቆጥር ሰው የደረሰበትን አያውቅም ማለት አይደለም።

«እሺ፣ እንጠይቅ፤ ግን እንዴት?» የሚል ቅን ሰው አይጠፋም። ለእሱ የማውቀውን ልንገረው። ፊት ለፊት ሁንና ዓይኑን እያየህ በስሙ ጥራው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ። ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ቅኔ፣ አሽሙር አታብዛ። አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄ ብቻ አትጠይቅ፤ ብዙዎቹ ሰውን ላለማስቀየም «አዎ» ይላሉ። «ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን?» በል፤ ሁለቱንም አሳየው። ፎቶ፣ ሥዕል፣ እቃውን ራሱን ተጠቀም። ካልገባህ የገባህ አታስመስል። «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» በል። አይቀየሙህም፤ እንዲያውም ከልብህ ልትሰማ እንደፈለግህ ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ጠብቅ። የእኛ ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። ጠይቀን ሁለት ሰከንድ አንታገስም። እዚያ ድርጅት ውስጥ አንድ የማውቀው አባል አለ። ስትጠይቀው መጀመሪያ ጣራውን ያያል። ከዚያ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ይይዛል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፤ አንዳንዴ ሃያ እደርሳለሁ። ከዚያ ይመልሳል፤ መልሱም የተጠየቀውን ነው። ሃያ ስትደርስ የሚመጣውን ሰው ሦስት ላይ ካቋረጥከው ዕድሜ ልክህን አታገኘውም።

ወደ ወላጆች ስመጣ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አለብኝ። እናንተ የከፈላችሁትን እኔ አልከፈልኩም። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር አብራችሁ የቆማችሁ እናንተ ናችሁ። ብዙ የሕክምና ዕውቀት የመጣውም በእናንተ ጭቅጨቃ ነው። በ1930ዎቹ አንዲት የኖርዌይ እናት ነበረች። ሁለት ልጆቿ ጠረናቸው የተለየ ነበር፤ ዕድገታቸውም ዘግይቷል። «ይሄ ሽታ ምንድን ነው?» እያለች ከሐኪም ሐኪም ዞረች። የሰማት አልነበረም። በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም ሰማት፤ ሽንታቸውን መረመረ፤ ሰውነት ከምግብ የሚገባን አንድ ንጥረ ነገር መፍጨት ሲያቅተው አእምሮን የሚጎዳውን፣ ዛሬ ፒኬዩ የሚባለውን በሽታ አገኘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ገትሪ፣ ራሱ ውስንነት ያለበት ልጅ አባት የሆነ ተመራማሪ፣ በሽታውን ከአራስ ልጅ በጥቂት የደም ጠብታ የሚለይ ምርመራ አዘጋጀ። ዛሬ በብዙ አገር በወቅቱ ተለይቶ አመጋገባቸው የተስተካከለላቸው ልጆች አእምሯቸው ሳይጎዳ ያድጋሉ። አንዲት እናት አልተውም ስላለች ነው።

ግን እናቴ፣ አባቴ፣ ልጅሽ ሠላሳ ሲሞላው ለእሱ የምትመልሽው መልስ የእሱ መልስ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምታስገቡት ልጅ ለምን እንደሚገባ ያውቃል። ሰው እንዳይስቅበት ነው ትላላችሁ፤ ይገባኛል። የሚስቀው ሰው ነው ማፈር ያለበት፤ የሚደበቀው ግን ልጃችሁ ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ እናንተ አትኖሩም። ያን ቀን ጎረቤቱ ስሙን ያውቀዋል ወይ? ባለሱቁ ያውቀዋል ወይ? ለማንም ሳይታይ ያደገ ሰው ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ስለ ዜና ወረቀታችንም አንድ ነገር ልበል። ልብስ ተለገሰ ብለን ስንጽፍ ብዙ ሰው ይደውላል። «እኛም አለን፣ እናምጣ» ይላል። እግዜር ይስጣችሁ። ከዚያ በሚቀጥለው ወር «ፋይል ማስተካከልና ዕቃ መደርደር የሚችል፣ ሰዓት የሚያከብር አባላችን ሥራ ይፈልጋል» ብለን ጻፍን። አንድም ስልክ አልመጣም። አንድም። አሮጌ ልብሳችሁን ከሰጣችሁት ሰው ጋር አዲስ ሥራ ለመሞከር ምን አስፈራችሁ? ነጋዴዎች፣ አለቆች፣ ለእናንተ ነው የምለው። ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፍላችሁ አሳዩት፤ አብራችሁት ጥቂት ሳምንት ሥሩ። ካልሆነ፣ አልሆነም በሉት፤ ለእሱ ንገሩት። ሞክሮ መውደቅም የሰው ወግ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚወጣ የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ የምመርጠው። አንዴ አንዱ አባል «በአውቶቡስ ብቻዬን መጣሁ» የሚል ዜና ይውጣልኝ አለ። እኔ ታች፣ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደል አስገባሁት። ላይኛውን ቦታ ለለጋሾች ፎቶ ሰጠሁ። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ ጣቱን ጥጉ ላይ አድርጎ፣ «ለምን ትንሽ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ወሮችን ፈጅቶበት ነው መስመሩን የተማረው፤ የት ወርዶ የት እንደሚሻገር፣ ከየትኛው ሕንፃ ቀጥሎ ደወሉን እንደሚጫን። ለእኔ መንገድ ነበር፤ ለእሱ ዜና ነው። አሁን ስብሰባው ላይ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ እንበትናለን። እነሱ ይመርጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴ ይኮራረፋሉ። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ያልገባቸውን እንቀይራለን። ወረቀቱ ከድሮው በጣም አማረ። ዓረፍተ ነገሬም አጠረ።

የመስኮቱን ነገር ልጨርስላችሁ። አዲሱ መታወቂያዋ ደርሷል ተብሎ ተመልሰን ሄድን። ያው መስኮት፣ ያው ሰው። በዚህኛው ቀን እኔ አልተሰለፍኩም፤ ግድግዳው ጋ ሄጄ ቆምኩ። ተራዋ ሲደርስ ሰውየው ቀና አለ፤ አያት፤ ከዚያ እኔን በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ። ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ዝም አልኩ። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ «ቶሎ በሉ እንጂ» አለ። እሷ መታወቂያ መቀበያ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። በልቤ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» አለች። አሥራ አራት ላይ «መታወቂያዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች።

ሰውየው ወረቀቷን ተቀበለ። ትንሽ አየው። ከዚያ ራሷን አየና ጠየቃት። ሙሉ ስሟን፣ ሳትቸኩል፣ ነገረችው።

ደጅ ስንወጣ መታወቂያውን አንዴ ፊቱን አንዴ ጀርባውን እያየች ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዚፑን ዘጋች፤ እንደገና ከፍታ መኖሩን አየች።

«ጋሼ፣ ዜናው ላይ ጻፈው» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት። ጠበቅኳት።

«‹ስምዎ ማን ነው?› አለኝ ብለህ ጻፈው።»